አንጋፋው ዳይሬክተር ማን ነው? ለአንድ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ የጥያቄና መልስ ውድድር አለን። ባለፈው ‹በዕድሜ ትልቁ የፊልም ዳይሬክተር ማን ነው?› የሚል መጣ። እኔ ክሊንት ኢስትዉድ አልኩ። አዘጋጁ ‹ፖርቱጋላዊው ማኖኤል ደ ኦሊቬራ ነው› ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። ሰውየው እኮ ከሞቱ ቆይተዋል! ማነው ትክክል? ደግሞስ ሰው መቶ ዓመት ሞልቶት እንዴት ብሎ ነው ፊልም የሚሠራው?»

ወንድሜ፣ እናንተ የተጨቃጨቃችሁት በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ላይ ነው። «ዛሬ በሕይወት ካሉት በዕድሜ የሚበልጠው ማን ነው?» አንድ ጥያቄ ነው። «ከሁሉም በላይ አርጅቶ ፊልም የሠራው ማን ነው?» ደግሞ ሌላ ነው። አዘጋጁ ሁለተኛውን አስቦ የመጀመሪያውን ጠየቀ። ለሁለተኛው ኦሊቬራ ጥርት ያለ መልስ ናቸው። አንተ ግን በመጀመሪያውም ብትሄድ ነጥቡን ሙሉ አታገኝም፤ ከኢስትዉድ በዕድሜ የሚበልጡ አሉና።

እስቲ 2025ን ይዘን እንቁጠር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኢስትዉድ የተወለዱት ሜይ 31 ቀን 1930 ነው፤ 95 ሞላቸው። ሜል ብሩክስ በ1926 ስለተወለዱ 99 ሞላቸው። ጄምስ አይቮሪ በ1928 ተወልደው 97፣ ቺሊ የተወለዱት አሌሃንድሮ ሆዶሮውስኪ በ1929 ተወልደው 96። እነዚህ ስማቸው የታወቀው ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የሠሩትን፣ ሁለት ሦስት ፊልም ሠርተው የተረሱትን ከጨመርክ ዝርዝሩ ይረዝማል። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ አንድ ስም ብቻ ይዞ የሚሟገት ሰው ካጋጠመህ «ከማን ከማን መካከል?» ብለህ ጠይቀው።

ሌላም ነገር አለ። ሜል ብሩክስ ለመጨረሻ ጊዜ ፊልም ዳይሬክት ያደረጉት በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሥራ እንጂ በዳይሬክተርነት አላየናቸውም። አይቮሪ ግን በ2022፣ በ94 ዓመታቸው፣ በ1960 አፍጋኒስታን ሄደው የቀረጹትን አሮጌ ፊልም አውጥተው ከሌላ ዳይሬክተር ጋር ዘጋቢ ፊልም ሠርተውበታል። ኢስትዉድ ደግሞ በ2024፣ እሳቸውም በ94 ዓመታቸው፣ በትልቅ ስቱዲዮ ገንዘብ ሙሉ የልብ ወለድ ፊልም አወጡ። ጃፓናዊው ዮጂ ያማዳ ከኢስትዉድ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያንሳሉ፤ እሳቸውም በ2025፣ በ94 ዓመታቸው፣ አዲስ ፊልም ለሲኒማ ቤት አቅርበዋል። ጥያቄው «ዛሬም ትልልቅ ፊልም የሚሠራ አንጋፋ ማን ነው?» ቢሆን ኖሮ ያንተ መልስ የሚከበር መልስ ነበር።

ኦስካር ላይ ደግሞ ሰው ሁሌ የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በዕድሜ ትልቁ ዳይሬክተር ኦስካር ያሸነፈው መቼ ነው?» ሲባል ብዙ ሰው አይቮሪ በ2018፣ በ89 ዓመታቸው ይላል። አይቮሪ ያን ዓመት ያሸነፉት በስክሪፕት ነው፤ በዳይሬክተርነት አይደለም። በምርጥ ዳይሬክተርነት ካሸነፉት ትልቁ ኢስትዉድ ናቸው፤ በ2005፣ በ74 ዓመታቸው። በዕጩነት ከሆነ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2024፣ በ81 ዓመታቸው። ከሳቸው በፊት ክብሩን ይዘው የቆዩት በ79 ዓመታቸው የታጩት ጆን ሂዩስተን ነበሩ። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ደግሞ ይሄኛው ነው፦ ያው 2018 ላይ ፈረንሳዊቷ አኜስ ቫርዳ በዘጋቢ ፊልም ታጭተው ነበር። ቫርዳ አይቮሪን የሚበልጡት በስምንት ቀን ነው! እሳቸው ሜይ 30፣ አይቮሪ ጁን 7፣ ዓመቱ ለሁለቱም 1928። ስለዚህ በጊዜው በዕድሜ ትልቋ ዕጩ ቫርዳ፣ ትልቁ አሸናፊ አይቮሪ ሆኑ። ለዕጩዎች በተዘጋጀው ምሳ ላይ ቫርዳ መገኘት ስላልቻሉ አብሯቸው ፊልሙን የሠራው ወጣቱ ጄአር ፎቷቸውን በካርቶን በቁመታቸው ልክ አስቆርጦ ይዞ ገባ፤ ሆሊዉድ በሙሉ ከካርቶኑ ጋር ፎቶ ተነሣ።

አሁን ወደ ኦሊቬራ እንምጣ፤ ለሳቸው ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸዋል።

ማኖኤል ደ ኦሊቬራ ፖርቶ ከተማ ውስጥ ዲሴምበር 11 ቀን 1908 ተወለዱ። እኛ አገር አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ነበሩ። ያረፉት ኤፕሪል 2 ቀን 2015 ነው፣ በ106 ዓመታቸው። የመጀመሪያ ፊልማቸው በከተማቸው በሚያልፈው የዶውሮ ወንዝ ዳር ስለሚሠሩ ሰዎች የተቀረጸ ድምፅ አልባ አጭር ፊልም ነው፤ በ1931 ታየ። የመጨረሻው አጭር ፊልም በ2014 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ቀረበ። ልዩነቱ 83 ዓመት ነው። ከድምፅ አልባው ዘመን ተነሥቶ ዲጂታሉ ድረስ ካሜራ ጀርባ የቆየ ሌላ ሰው ጥራልኝ ብትለኝ የምጠራልህ የለኝም።

ግን ይህን ቁጥር ብቻ ይዘህ እንዳትቀር። 83 ዓመት ሙሉ እየሠሩ አልኖሩም። እስከ 60 ዓመታቸው ድረስ የሠሩት ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ በ1942፣ ሌላው በ1963። በመካከል ምን ሆኑ? ፖርቱጋል ውስጥ የሳላዛር አምባገነን አገዛዝ ነበር። ፊልም ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድና ገንዘብ ያስፈልጋል፣ እሳቸው ያቀረቡት ስክሪፕት ደግሞ እየተመለሰ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም ለጥቂት ቀናት ታስረዋል። በወጣትነታቸው መኪና የሚወዳደሩ፣ ስፖርት የሚወዱ፣ የሀብታም ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበሩ፤ ስለዚህ በነዚያ ዓመታት የቤተሰቡን ፋብሪካና የወይን እርሻ ሲያስተዳድሩ ኖሩ። ፊልሙን ግን አልተዉትም። በ1955 ጀርመን አገር ሄደው የቀለም ፊልም አሠራር ተማሩ፣ ተመልሰው መጥተው በራሳቸው ካሜራ ፖርቶን ቀረጹ።

ከነዚያ ከተመለሱት ስክሪፕቶች አንዱ በ1952 የተጻፈ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ሌሊት ተጠርቶ የሞተች ሙሽራ ፎቶ እንዲያነሣ ይጠየቃል፤ ካሜራው ውስጥ ሲያይ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ ትልለታለች። የሐሳቡ መነሻ በራሳቸው የደረሰ ነገር ነው፤ የሞተች የባለቤታቸውን ዘመድ ፎቶ እንዲያነሡ ተጠይቀው ነበር። ያ ስክሪፕት ፊልም የሆነው መቼ መሰለህ? በ2010። ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ ዳይሬክተሩ 101 ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት የጠበቀ ፊልም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ነው። በ1974 ፖርቱጋል ውስጥ አብዮት ፈነዳ፣ የቤተሰቡ ፋብሪካ ከእጃቸው ወጣ፣ ዕዳ መጣ፤ በመጨረሻም አርባ ዓመት የኖሩበትን፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ቤት ለመሸጥ ተገደዱ። በ1982 ገደማ፣ ከቤቱ ከመውጣታቸው በፊት፣ ካሜራ አስገብተው ስለ ሕይወታቸው፣ ስለ እስራታቸው፣ ስለ ትዳራቸው ተናገሩ። ክፍሎቹን፣ ደረጃውን፣ የአትክልቱን ቦታ አንድ በአንድ ቀረጹ፤ በቤቱ ውስጥ ሲዘዋወሩ ድምፃቸው ብቻ የሚሰማ ሁለት እንግዶችም አሉበት። ከዚያ ፊልሙን አሸጉትና «እኔ ስሞት ይታይ» አሉ። ያኔ 73 ዓመታቸው ነበር። ኑዛዜ ነው የሠሩት። ከዚያ በኋላ 33 ዓመት ኖሩ! ሃያ የሚያልፉ ሙሉ ፊልሞችን የሠሩትም ከኑዛዜው በኋላ ነው። ከ1990 ጀምሮ በዓመት በአማካይ አንድ ፊልም ያህል ያወጡ ነበር። የታሸገው ፊልም በቃሉ መሠረት ከሞቱ በኋላ በ2015 ፖርቶና ካን ላይ ታየ።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄህ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። እንዴት ይሠራሉ?

ብዙ ሰው ጤና፣ ዕድሜ፣ የእግዜር ስጦታ ይላል። ያ አለ፤ አይካድም። ግን በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ሆኖ አእምሮው ንቁ ሆኖ ቤቱ የተቀመጠ ዳይሬክተር ስንት አለ መሰለህ። ልዩነቱን የሚፈጥረው አሠራሩ ነው። ገንዘቡን ማን ያወጣል? ኢንሹራንሱን ማን ይገባል? አብሮ የሚሠራው ቡድን ማን ነው?

ኢንሹራንሱን ልንገርህ፤ ተመልካች የማያየው ነገር ነው። ትልልቅ ፊልም ሲሠራ ዳይሬክተሩ ታሞ ወይም ሞቶ ቀረጻው ቢቋረጥ ኪሳራውን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይገባል። ከቀረጻ በፊት ሐኪም ያየዋል። ዕድሜው ከገፋ ኢንሹራንሱ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ዋጋውን ይሰቅላል፣ ወይ «ተጠባባቂ ዳይሬክተር አስቀምጡ» ብሎ ግዴታ ያስገባል። ሮበርት አልትማን በ80 ዓመታቸው የመጨረሻ ፊልማቸውን ሲሠሩ በዚህ ምክንያት ፖል ቶማስ አንደርሰን ተጠባባቂ ሆኖ ከጎናቸው ተቀምጧል። እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ዳይሬክተር ነው፤ ግን አልትማንን ስለሚያከብር መጥቶ ተቀመጠ። አልትማን በ2006 የክብር ኦስካር ሲቀበሉ መድረኩ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ፦ ከአሥር ዓመት በፊት የልብ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ነበር፣ ለጋሿም ወጣት ሴት ናት፣ ስለዚህ በልቤ ስሌት ገና 40 ዓመት ይቀረኛል አሉ። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያሉት ከታወቀ ሥራ የሚሰጠኝ የለም ብለው ስለሰጉ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ዐረፉ።

ጣሊያናዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒም እንዲሁ። በ1985 ስትሮክ መታቸው፣ ንግግራቸው ጠፋ ማለት ይቻላል። አሥር ዓመት ቆይተው በ1995 ፊልም ያወጡት ቪም ቬንደርስ ተጠባባቂ ሆኖ ስለቆመላቸው ነው፤ የሚፈልጉትን በምልክትና በሥዕል እያስረዱ ሠሩ። ጆን ሂዩስተን ደግሞ ሳንባቸው ተጎድቶ በ80 ዓመታቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ፣ ሞኒተር እያዩ የመጨረሻ ፊልማቸውን ጨረሱ። ስክሪፕቱን የጻፈው ወንድ ልጃቸው ነው፣ ከዋና ተዋናዮቹ አንዷ ሴት ልጃቸው ናት። ፊልሙ ሲታይ እሳቸው አልነበሩም።

አሁን ልብ በል፤ ሳይቋረጡ የሠሩት ሁሉ ለዚህ ችግር የየራሳቸውን መላ አበጅተዋል። ኢስትዉድ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማልፓሶ የሚባል የራሳቸው ድርጅት አላቸው፤ አንድን ትዕይንት አንዴ ወይም ሁለቴ ቀርጸው ያልፋሉ፣ ከተያዘላቸው ቀን ቀድመው ይጨርሳሉ። «አክሽን!» ብለው አይጮኹም፤ ቀስ ብለው «ዝግጁ ስትሆን ጀምር» ነው የሚሉት። ልማዱ ተዋናይ በነበሩበት ጊዜ ጩኸት ፈረሶቹን ሲያስደነብር ካዩበት ዘመን የቀረ ነው። ያማዳ በ1954 ሾቺኩ የተባለው ስቱዲዮ ተቀጠሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ቫርዳ ከመጀመሪያ ፊልማቸው ጀምሮ የራሳቸው ትንሽ ድርጅት ነበራቸው። በመጨረሻ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ እንኳ ድካሙን ራሱን የፊልሙ አካል አደረጉት።

ኦሊቬራም ከ70ዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ፓውሎ ብራንኮ የሚባል ፕሮዲውሰር አገኙ፤ ለሃያ ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። አሠራራቸውም ለሽማግሌ የሚመች ነበር። ካሜራው አይሮጥም፤ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ተዋናዩ ይናገራል፣ ትዕይንቱ ይረዝማል። በ2012 የወጣውን የመጨረሻ ሙሉ ፊልማቸውን ብታይ ይገባሃል። አንድ ክፍል ነው። መሃል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ፋኖስ፣ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል፤ ወንድ ልጁ ያጠፋውን ጥፋት ከገዛ ሚስቱ ይደብቃል። ሰው ይገባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይወጣል። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው፤ ግን ዓይንህን ከፋኖሱ አትነቅልም። ማይክል ሎንስዴል፣ ክላውዲያ ካርዲናሌ፣ ዣን ሞሮ ይተውናሉ፣ ልጁን ሆኖ የሚጫወተው የዳይሬክተሩ የልጅ ልጅ ሪካርዶ ትሬፓ ነው። ሞሮ ያኔ 84 ዓመታቸው ነው፤ ዳይሬክተሩ የሚያዩዋቸው ግን እንደ ልጅ ነው፣ እሳቸው 103 ናቸውና።

ጃፓናዊው ካኔቶ ሺንዶ ለኔ የዚህ ሁሉ ማሳያ ናቸው። በ1912 ሂሮሺማ አውራጃ ተወልደው በሜይ 2012 መቶ ዓመት በሞላቸው በወሩ ዐረፉ። ገና በ1950 ከጓደኞቻቸው ጋር የራሳቸውን ነጻ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ሊዘጋ ሲል በ1960 አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ጥቂት ሰው ይዘው ገቡና ንግግር የሌለበት ማለት የሚቻል ፊልም ሠሩ፤ ባልና ሚስት በጀልባ ውኃ እያመጡ በትከሻቸው ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፣ የተከሉትን ያጠጣሉ፣ በነጋታው እንደገና። ሞስኮ ላይ ታላቁን ሽልማት ወሰደ፣ ድርጅቱም ከመዘጋት ተረፈ። የመጨረሻ ፊልማቸውን በ98 ዓመታቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሠሩ፤ የልጅ ልጃቸው እየረዳቻቸው። ታሪኩ የራሳቸው ነው። በጦርነቱ ጊዜ አብረዋቸው ከዘመቱ መቶ ሰዎች የትኛው የት እንደሚመደብ የሚወሰነው በዕጣ ነበር፤ በሕይወት የተመለሱት ስድስት ብቻ ናቸው፣ ሺንዶ አንዱ። ያን ነገር ለመናገር ከስድሳ ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ።

አርጅተው ፊልም በሠሩ ሰዎች ዝርዝር ላይ ሌኒ ሪፈንሽታል የሚል ስምም ታገኛለህ። የናዚዎችን ፕሮፓጋንዳ ፊልም የሠራችው ናት፤ በ2002፣ በመቶኛ ዓመቷ፣ ስለ ባሕር ውስጥ ሕይወት ዘጋቢ ፊልም አውጥታለች። ለቁጥር ያህል ትክክል ነው። ከነሺንዶ ጋር አብሬ አላወድሳትም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ደግሞ ዕድሜ መቁጠሩ ራሱ ያስቸግራል። አልጄሪያዊው መሐመድ ላኽዳር ሐሚና በ1975 ካን ላይ ፓልም ዶር የሚባለውን ዋናውን ሽልማት ያሸነፉ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው። ያረፉት ሜይ 23 ቀን 2025 ነው፤ ያው ቀን ካን ላይ የዚያ ፊልም የታደሰ ቅጂ ከ50 ዓመት በኋላ እየታየ ነበር። ዕድሜያቸውን ስትፈልግ አንዱ በ1930፣ ሌላው በ1934 ተወለዱ ይልሃል። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤንም መዝገብ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1923 ናቸው፤ ሌላ ቦታ ጃንዋሪ 8 ተብሎ ታገኛለህ። ስደት የወጣ ዘመድ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይህን «ጃንዋሪ 1» ያውቀዋል፤ ትክክለኛ ቀን ላልተመዘገበለት ሰው የሚሰጥ ቀን ነው። ሴምቤን የሴት ልጅ ግርዛትን የሚቃወመውን የመጨረሻ ፊልማቸውን ቡርኪና ፋሶ ገጠር ውስጥ ቀርጸው በ2004 ካን ላይ ሲያቀርቡ 81 ዓመታቸው ነበር፤ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ በማይገኝበት መንደር፣ ከየአገሩ በተሰበሰበ ገንዘብ።

የኛው ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ነው የተወለደው፤ ከነዚህ አጠገብ ሲቆም ገና ወጣት ነው። አሠራሩ ግን የነሺንዶ ነው። በ1993 የሠራውን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም ሲሉት ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጻሕፍት መደብርና የፊልም ድርጅቱን አቁሞ ዓመታት ዘለቀ። በ2008 የሠራው ጤዛ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ዋናውን ሽልማት ያገኘው የማንንም ስቱዲዮ በር አንኳኩቶ አይደለም። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሞልቶት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ለማየት ከፈለግን ማየት ያለብን የሰውየውን ጤና ብቻ ሳይሆን ይህን ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ፕሮዲውሰር የሚጠፋበት፣ ሲኒማ ቤት የሚዘጋበት ዳይሬክተር ዘጠና ዓመቱ ላይ ምን ይዞ ይደርሳል?

ከየት ልጀምር ካልከኝ ከሺንዶ የደሴቱ ፊልም ጀምር፤ ንግግር ስለሌለው የትርጉም ጽሑፍ እንኳ አያስፈልግህም። ቀጥሎ የኦሊቬራን የፎቶ አንሺውን ፊልም እይ። የፋኖሱን ፊልም ለመጨረሻ አቆየው፤ ቀስ ያለ ነው፣ ደክሞህ ማታ ላይ ከከፈትከው ትተኛለህ፣ ጠዋት ግን በሙሉ ዓይንህ ካየኸው ታመሰግነኛለህ።